ዳሞታ የሌለበት ካርታ

ሶዶ ገበያ ዳር፣ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ የልጅነቴን የጂኦግራፊ መጽሐፍ አገኘሁ። ስገልጠው የእርጥቡ ወረቀት ሽታ ወደ አክስቴ ጓሮ መለሰኝ።

መጽሐፉ ስለ አገራችን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅም፤ ተራሮቿ ደመና ይነካሉ፣ ወንዞቿ ጎረቤት ያጠጣሉ። በቃሌ ይዤው፣ እንሰት ስትፍቅ ለነበረችው አክስቴ እንደ ሰባኪ አሰማኋት። ለነገ የታዘዝነውን የተራሮች ካርታም ከመጽሐፉ ገልብጬ አሳየኋት።

"ዳሞታስ?" አለች ከጓሯችን በላይ ወዳለው ተራራ ቀና ብላ።

"የለም። ትንሽ ስለሆነ ይሆናል።"

"ትንሽ? አንድ ቀን እንጨት ተሸክመሽ ውረጂበትና ትንሽ በይው።"

"ከጨመርኩት ማርክ ይቀነስብኛል።"

"ተራራ ከሚቀነስ ማርክ ይቀነስ።"

ሣልኩት፤ ያውም ከራስ ዳሸን አስበልጬ። መምህራችን በቀይ ሰረዘው። "መጽሐፉ ላይ የሌለ ተራራ አይሣልም" አለ ረጋ ብሎ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ። በመስኮቱ ዳሞታ ሙሉውን ይታያል።

ዛሬ በእነዚያ መጻሕፍት መሳቅ የዕውቀት ምልክት ሆኗል። እኔ አልስቅም፤ ስለ ወንዞቹ የሚለውን ሳነብ አሁንም ደረቴ ይነፋል፣ ምን ላድርግ። አሁን በያዝኩት ቅጂ ካርታ ላይ ግን አንድ የማላውቀው ተማሪ እኛ ባለንበት ቦታ ትንሽ ተራራ በእርሳስ ሥሎ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ በላጲስ አጥፍቶታል።

ነጋዴውን እስክሪብቶ እንዲያውሰኝ ጠየቅኩት።

"መጀመሪያ ይግዙት፣ ማዘር" አለኝ።