የማይቀመስ እንቁላል

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ስለገቡ፣ ዓባይ ማዶ ባለው ግቢያችን ውስጥ የማይጾም ፍጡር ቢኖር ውሻው ብቻ ነበር። እሱም ወፈረ። የወፈረው በአገርነሽ እንቁላል ነው።

ግቢው ሦስት ቤት አለው። በአንዱ እኔ አለሁ፤ መልካሙ እባላለሁ፣ የመብራት መሥመር ስዘረጋ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ነገር ቶሎ ያናድደኛል። በሁለተኛው ጨርቅ ነጋዴዋ ጀሊላ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ሦስተኛው የአገርነሽ ነው። አገርነሽ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የጨርቅ እንከን ስትፈልግ ትውልና ቤቷ ገብታም አታርፍም። የተጠረገ ትጠርጋለች፣ የታጠበ ታጥባለች። ባሏ ሣህሉ «ይቺ ሴት ሶፋ የገዛችው ለእንግዳ ነው» እያለ ይስቅባት ነበር።

ሣህሉ መካኒክ ነው። ከዓመታት በፊት ቻይናዎች መንገድ ሲሠሩ ካምፓቸው ውስጥ ተቀጥሮ ነበርና ከወጥ ቤቱ ሰውዬ ጋር ወዳጅ ሆነ። ሰውዬው ቻይናዊ ይሁን እንጂ ብዙ ዘመኑን ያሳለፈው አሜሪካ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያ ያሉት ቻይናዎች የሚሠሩትን ወፍራም የእንቁላል ጥብስ ለሣህሉ አስተማረው። ስሙ ፉ ያንግ ነው ይላል ሣህሉ። ጥቅል ጎመኑንና ካሮቱን እንደ ክር አቅጥኖ ይከትፋል። ማሾ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያበቅልና ነጭ ነጩን ቡቃያ ይጨምራል። ቀድሞ ጠብሶ ያስቀመጠውን ደቃቅ ሥጋ ያገባበታል። ያንን ሁሉ በተመታ እንቁላል ለውሶ፣ በጭልፋ እየጨለፈ የጋለ ዘይት ውስጥ ያፈሰዋል። ሲወጣ ደግሞ በሶያ ሶስና በትንሽ ዱቄት የወፈረ ቡናማ መረቅ ያለብሰዋል። እሑድ እሑድ ይህን ሲሠራ ልጃቸው ሩሐማ ከምድጃው አጠገብ ንቅንቅ አትልም። ጀሊላ ክርስቲያን ያረደውን ስለማትበላ፣ ለእሷ ሥጋ የሌለው በራሷ መጥበሻ ይጠበስላታል። ለእኔ ሁለት ነበር የሚደርሰኝ፤ አልዋሽም፣ ሦስተኛም ጠይቄ አውቃለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ሣህሉ የተበላሸ ማሽን ሊጠግን ጎንደር አቅራቢያ ወዳለችው ማክሰኝት ሄደ። «ለቅበላ እገባለሁ» ብሎ ነበር። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም እንቢ አለ። በዚያው ሰሞን ሩሐማን ታይፎይድ ያዛት። ዳነች፤ ግን ግማሿ ነው የተረፈው። አንገቷ ቀጠነ፣ እግሯ ሸምበቆ አከለ። ነርሷ «እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ካልበላች አቅም አታገኝም፤ አሁን ደግማ ብትታመም አትችለውም» ብላ አገርነሽን አስጠነቀቀቻት። ሩሐማ ገና ስድስት ዓመቷ ስለሆነ ጾም አይመለከታትም።

ልጅቷ ግን አሻፈረኝ አለች። ቅቅል እንቁላል ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች፣ ወተቱን ትገፋለች፣ «አሞኛል» ትላለች። ከእኛ ሽሮ፣ ከእኛ ድንች ትንሽ ትንሽ ትቀምስና ትተወዋለች። «የአባቷ እጅ ናፍቋት ነው፤ የሱን ብሠራላት ትበላለች» አለች አገርነሽ። እኔም አመንሁ። ፉ ያንግ የተጀመረው በዚህ ነው።

ችግሩ፣ አገርነሽ ሠርታው አታውቅም። የባሰው ደግሞ መቅመስ አትችልም። ባሏ በሰላም እንዲገባላት ለጊዮርጊስ ተስላ፣ ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፏ ሳታዞር ትይዘዋለች፤ ታዲያ እንቁላል እንዴት ብላ ምላሷ ላይ ታሳርፋለች? ጨዉ በግምት ሆነ፣ ሶሱ በማሽተት። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ለጾሙ ተዘግተዋል፤ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝታ ለልጇ ማብላቱን ከነጭራሹ አላሰበችውም። ከቅበላ የቀረ ቋንጣ ነበራት፤ እሱን ዘፍዝፋ፣ ቀጥቅጣ፣ ጠብሳ ታገባዋለች። እንደ ልብ የሚገኘው እንቁላል ብቻ ነው፤ በሁዳዴ ማን ይገዛዋል?

የመጀመሪያው ሲገለበጥ ተበታተነ። ሁለተኛው ውስጡ ሳይበስል ውጪው አረረ። ቀጥሎ ጎመኑ ውሃ አወጣባትና መጥበሻው ውስጥ ወጥ የሚመስል ነገር ሆነ። እያደር ግን እጇ ለመደ፤ ዳር ዳሩ ወርቅማ ሆኖ፣ መሐሉ ተነፍቶ የሚወጣ፣ ሰው የሚያስጎመጅ ነገር መሥራት ቻለች። ሳህኑን ለሩሐማ ታቀርባለች። ሩሐማ ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተክላ ምራቋን ትውጣለች፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሳህኑ ለውሻው ይሄዳል።

«ጋሽ መልካሙ፣ ምን የጎደለው ይመስልዎታል?» ትለኛለች መጥበሻውን አፍንጫዬ ሥር ይዛ።

«እኔ ምን አውቄ! በሁዳዴ ሽማግሌ አፍንጫ ሥር ሥጋ ትጠብሻለሽ? የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ለሽታው ብቻ ስግደት ያዙብኛል።»

«ካሮቱ በዝቶ ይሆን? ሣህሉ እንዲህ አያበዛውም መሰለኝ።»

«ካሮቱን ተይውና እስቲ አንድ አፍታ ተቀመጭ።»

«መጣሁ፣ ዘይቱን ላውርደው» ትልና በዚያው ትጠፋለች።

ከፋብሪካ ስትወጣ በቀጥታ ቤቷ አትገባም። በእኛው ማዶ ያለው መነኸሪያ ሄዳ ሾፌሮችን ትጠይቃለች። የጎንደር መኪና ከሌለ ድልድዩን ደግማ ተሻግራ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች፤ ከጎርጎራ የሚመጣ ጀልባ ሰው ይዞ ይሆናል ብላ። አንድ ቅዳሜ «ብቻዋን ትንከራተታለች» ብዬ አብሬያት ሄድሁ። ጣና እንደ ብርጭቆ ረግቶ፣ ቄጠማው ዳር ታንኳዎች ተደርድረው፣ ልጆች የተጠበሰ ዓሣ እየሸጡ፣ ነገሩ ሁሉ ሰላም ይመስላል። እሷ ከአንዱ ጀልባ ወደ ሌላው ትሮጣለች፤ እኔ ጉልበቴን ይዤ ከኋላ እንፏቀቃለሁ።

«ከጎርጎራ የመጣ አለ?»

«የለም እትዬ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይኖር ይሆናል» ይላታል አንዱ ገመድ እየጠቀለለ።

«ማክሰኝት ያለ ሰው ጎርጎራ መድረስ ይችላል?»

«ኧረ እኔ በምን አውቄ!»

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እንኳ እግሯ አላርፍ አለ፤ ወለሉን ትመታዋለች። «ስልኩ እንኳ አንዴ ቢጠራ» ትላለች፣ «አንዴ!» እኔ ደግሞ ሾፌሩን «ቀስ ብለህ ንዳ!» ብዬ ጮህሁበት። ምስኪኑ ልጅ ቆሞ ነበር፤ መብራት ይዞት።

በሰኞው ጀሊላ ከሱቅ ስትመለስ አገርነሽ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ጀሊዬ፣ የሣህሉን እጅ ቀምሰሽ የምታውቂ፣ አሁንም መቅመስ የምትችይ አንቺ ብቻ ነሽ። በሞቴ ቅመሽልኝ።»

«በጠራራ ፀሐይ? ጾሜን ልታስገድፊኝ ነው እንዴ!» አለች ጀሊላ እየሳቀች። ወዲያው የአገርነሽን ፊት አየችና ሳቋን ተወች። «በኔ መጥበሻ ጥበሽው፣ ሥጋውን ተይው። አዛን ሲል በሱ አፈጥራለሁ።»

ያን ቀን ሁለት ዓይነት ተጠበሰ፤ ሥጋ የሌለው በጀሊላ መጥበሻ፣ ቋንጣ ያለበት በአገርነሽ። አመሻሹ ላይ አዛኑ ሲሰማ ጀሊላ ተምር ጎረሰች፣ ውሃ ተጎነጨች፣ ከዚያ ከእንቁላሉ ቆረሰች። አገርነሽ ፊት ለፊቷ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። እኔም ጎረቤት ነኝና አንገቴን ከደጃፌ አስግጌ ነበር።

ጀሊላ ቀስ ብላ አኘከች። «ወላሂ የሣህሉ ነው» አለች። «ምንም አልጎደለውም፤ ራሱ ነው።»

ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ የአገርነሽ ፊት ጠቆረ። ጥፋቱ የምግቡ ቢሆን ይስተካከል ነበር። ምግቡ ልክ ከሆነ ግን ልጇ ምን ሆና ነው?

«ሩሐማዬ፣ ነይ እስቲ የኔ ማር፣ ከኔ ጋር አፍጥሪ» ብላ ጀሊላ ቁራሽ ዘረጋችላት። ሩሐማ ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«አልገድፍም» አለች።

«ምኑን ነው የማትገድፊው?»

«ጾሜን። እማዬ ለጊዮርጊስ ስትነግረው ሰምቼ እኔም ነግሬዋለሁ። እንቁላልም ወተትም ሥጋም የምቀምሰው አባዬ ሲገባ ነው።»

ሽሮ፣ ድንች፣ ደረቅ ዳቦ፤ ግቢው በሙሉ የሚበላው ያንኑ ስለሆነ፣ አንዲት ሕፃን ከዓይናችን ሥር ስትጾም አላየናትም። ተናደድሁ፤ በማን እንደተናደድሁ ግን እስካሁን አላውቅም።

ሽማግሌ ነኝና ሥርዓት ላስረዳ ተነሣሁ። «ስሚኝ ልጄ፣ ከሰባት ዓመት በታች ጾም የለም። ቄሶቹም አይፈቅዱልሽም።»

«እማዬስ?»

«እናትሽ ትልቅ ሰው ናት።»

«ጊዮርጊስ ትልቅ ሰው ብቻ ነው የሚሰማው?»

ይህን ያህል ዘመን ቤተ ክርስቲያን የተመላለስሁት ሰውዬ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ያዝሁ። ልጅቷም ገብቷታል መሰለኝ፣ ሁለተኛ አላየችኝም።

አገርነሽ ወደ ቤቷ ገባች። የንስሐ አባቷን ልትጠይቅ ስልክ ፍለጋ መስሎኝ ነበር። ይዛ የወጣችው ግን ሳህን ነው፤ ቋንጣ ያለበት፣ መረቁ የፈሰሰበት። ሩሐማን ደጃፉ ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻት። አማተበች፣ ቆረሰች፣ ራሷ ጎረሰች።

«አገርዬ!» አለች ጀሊላ ደንግጣ።

ማየቱ ከበደኝ። ይቺ ሴት ሩሐማን አርግዛ እንኳ የገደፈችው ቄሱ ተቆጥተዋት ነው።

«እይኝ፣ እኔ ፈታሁ» አለች አፏ እንደሞላ፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «አንቺም ትፈቻለሽ። ኃጢአት ከሆነ የኔ ነው፣ አንቺ የለሽበትም። ለጊዮርጊስም እኔው እነግረዋለሁ።»

ሩሐማ እናቷ ስታኝክ ብዙ ቆይታ አየቻት። ከዚያ ትንሽ ቆረሰች። ሌላ ቆረሰች። ወዲያው በሁለት እጇ ይዛ መብላት ጀመረች፤ መረቁ በክንዷ ላይ ወረደ፣ ጎመኑ ልብሷ ላይ ተንጠባጠበ፣ ማንም ተይ አላላትም። ጀሊላ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

አንዱን ጨርሳ ቀና አለች።

«አሁን አባዬ አይመጣም?»

አገርነሽ ጉርሻዋን ዋጠች።

«አላውቅም ልጄ» አለች። «ስለበላሽ አይቀርም፤ ስለተራብሽም አይመጣም። መቼ እንደሚመጣ፣ መምጣቱንም አላውቅም።»

ሩሐማ ጥቂት አሰበችና ሁለተኛውን አነሳች።