የኑግ ኩባንያው ወንፈል

ኩባንያው በመንደራችን ምንጭ እንዲሠራ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ሕዝቡ «አንጠጣም» ሲል መግቢያ ያጣሁትም እኔ ነኝ።

ኩባንያው ትልቅ ነበር። ከጭልጋ ገበሬ ኑግ ይገዛል፣ ጎንደር ባለው መጋዘኑ ያበጥራል፣ በጆንያ ሞልቶ ወደ አስመራ ይልካል። እኔ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ እመዘግባለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ቁጥር የተማርኩት ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው። ለቃቅሞ የተማረ ሰው አንድ ነገር እንዳያመልጠው ይፈራልና ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ እቆጥር ነበር።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ፣ ቅዳሜ እንኳ ክራባታቸውን የማይፈቱ የአስመራ ሰው፣ ደብዳቤ ይዘው ወደ ሚዛኑ መጡ። ዋናው መሥሪያ ቤት «ኑግ የምንገዛበት አገር ከእኛ ምን በጎ ነገር አገኘ?» ብሎ ጠይቋቸዋል። እሳቸውም እኔን ጠየቁኝ። ቀኑን ሙሉ ሁለት ቃል የማይወጣኝ ሰው ሳላስበው «ውሃ» አልኩ።

ያሰብኩት እህቴን ነበር። መንደራችን ከጎንደር በአይከል መንገድ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ሲሆን ውሃው ያለው ከገደል ሥር ነው። መውረጃው በእኔ እርምጃ አንድ ሺህ አርባ፣ መውጫው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ እርምጃ ያጥራል። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ባለፈው ክረምት አዳልጧት እንስራው ሲሰበር እሷ ለጥቂት ነው የተረፈች።

ኩባንያው አንድ የጭነት ማኪናና ስምንት ሠራተኛ ላከ። በዘጠኝ ቀን ከዳገቱ ፈልቆ እዚያው መሬት የሚውጠውን ምንጭ በሲሚንቶ ገድበው በብረት ቱቦ መንደሩ መሀል አወረዱት። ቧንቧው ተተከለ። እሑድ ዕለት እህቴ ስትቀዳ ለማየት እየሮጥኩ ሄድኩ። እሷ ግን እንስራ አዝላ ከገደሉ እያለከለከች ስትወጣ አገኘኋት።

«ምነው? ቧንቧው ተበላሸ?»

«ቧንቧውስ ሸጋ ነው። አያ ከልክሎን ነው።»

አያ የምንለው ምንጩ ከማሳው ጫፍ የሚፈልቅበትን ሽማግሌ ነው። ሄጄ ጠየቅኩት።

«የስምንት ሰው የዘጠኝ ቀን ጉልበት በልተናል» አለኝ። «ወንፈሉን ሳንመልስ እንዴት እንጠጣ?»

ወንፈል ማለት ዛሬ አንተ የእኔን ታርሳለህ፣ ነገ እኔ የአንተን አርሳለሁ ማለት ነው። ያልመለሰ ሰው ቀብሩ ላይ እንኳ ይነሣበታል።

«አያ፣ ኩባንያው እኮ ስጦታ ነው ብሏል።»

«ስጦታ ለደሃ ነው። እኛ ደሃ ነን?»

ዙሪያውን አየሁ። የጎረቤት ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው። «አይደለንም» አልኩ።

«እንግዲያው ወንፈል ነው።»

ሽማግሎቹ ተሰበሰቡ። ስምንቱ ሰዎች አላከራከሩም፤ ክርክሩ በማኪናዋ መጣ።

«ማኪና ደግሞ ሰው ናት?» አለ አንዱ።

«ሰው ባትሆንም ደክማለች። ዳገቱ ላይ ስታቃስት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እሷ ቤንዚን ጠጥታ ነው የሠራች። የጠጣ አይቆጠርም።»

«አንተስ ጠላህን ሳትጠጣ አርሰህ ታውቃለህ? ታዲያ ምነው ስንቆጥርህ ኖርን?»

እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። በመጨረሻ አያ ፈረደ፦ ጭነት ጎትታለችና እንደ አንድ ጥማድ በሬ ትቆጠር፤ የአንድ ጥማድ ውለታ ደግሞ ሁለት ሰው ነው። አሥር ሰው ለዘጠኝ ቀን መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ዘጠና ሰው መጋዘኑ ድረስ ሄዶ አንድ ቀን ይሥራ ተባለ።

ረቡዕ ጠዋት የመጋዘኑን በር ስከፍት ግቢው በሰውና በሰፌድ ሞልቷል። ሥራ አስኪያጁ ከመስኮት አይተው ደነገጡ።

«ገበሬ በነፃ አሠራ ብለው ሊከሱኝ ነው! መልሳቸው» አሉኝ።

«ከመለሷቸው ውሃውን አይጠጡም» አልኩ። በእሳቸው ፊት ከአፌ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይኼ ነበር።

ሥራው ተጀመረ። ሴቶቹ ኑጉን ያበጥራሉ፣ ወንዶቹ ጆንያ ይሸከማሉ፣ አቧራው ጣራ ደርሷል፤ የእኛ የቀን ሠራተኞች ሥራ አጥተው ያጨበጭባሉ። በወንፈል ባለቤቱ አብሮ ይሠራል፤ ዳር ቆሞ ማየት ነውር ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ስለማያውቁ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ዘፈን አውራጁ አያቸውና አወረደ፦

«የአውድማው ጌታ ምነው ቆመ ዳር፣
ያ ያንገቱ ገመድ አስሮት ነው ካጥር?»

ሕዝቡ ተቀበለ። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ቀላ፤ ክራባታቸውን ፈተው ኪሳቸው ከተቱና ሰፌድ ተቀበሉ። ገለባውን ወደ ራሳቸው፣ ኑጉን ወደ መሬት በተኑት። «እኝህንስ እንደ ግማሽ ሰው እንቁጠራቸው» አለች አንዲት ሴት።

ለምሳ ሥራ አስኪያጁ ከፒያሳ ፓስታ አስመጡ፤ ጾም ስለሆነ በቲማቲምና በዘይት ብቻ የተሠራ። አያ አንዱን ክር ጫፉን ይዞ ተነሥቶ እስኪቆም ድረስ ጎተተው። «ይኼ ነገር መጨረሻው የት ነው?» አለ። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ የጎረሱት ትን አላቸው።

አሥር ሰዓት ላይ አያ ጠራኝ። «መዝጋቢ አይደለህ? ቁጥሩ ሞልቷል?»

አንዴ ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ዘጠና አንድ ናቸው። አንዷ ያልተመደበች ናት፤ እህቴ፣ ቤት ተቀመጪ ተብላ በባሏ በቅሎ ተከትላቸው መጥታ ኖሯል። ከጥግ ሆና ሰፌዷን እንደ ጋሻ ይዛለች።

ዝም ልል ነበር። ግን የቆጠርኩትን መደበቅ አልችልም። «አንድ ሰው ተርፏል» አልኩ።

የአያ ፊት በራ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረና «ጌታው፣ እኛ መልሰናል። አሁን የአንድ ሰው ወንፈል ያለባችሁ እናንተ ናችሁ» አላቸው።

«እኔ እመጣለሁ» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ጸጉራቸው ውስጥ ገለባ እንደተሰካ። «መቼ?»

«ለጤፍ አጨዳ። ማጭድ እኛ እንሰጣለን፤ ግን ከልጆቹ ጋር ይሰለፋሉ።»

ከዚያ አያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ፣ «እንግዲህ ጠጡ» አለ።

እህቴ በቅሎውን ለባሏ ትታ ሊያደርሰን በቆመው የኩባንያው ጭነት ማኪና ላይ ከሹፌሩ አጠገብ ወጣች። እኔ ከኋላ ተንጠለጠልኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። እንስራውን ከቧንቧው ሥር አስቀምጣ ከፈተች። በልቤ እቆጥር ጀመር፤ መቶ ሠላሳ ላይ ሞልቶ ፈሰሰ።

እህቴ እንስራውን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ገፋ አድርጋ ያን ሁሉ ውሃ እግሬ ላይ ገለበጠችውና ባዶውን መልሳ ከቧንቧው ሥር አቆመችው።

«ምነው?» አልኳት።

«ደግሞ ሲሞላ ልየው» አለች።