ብርድ ይመታል ወይስ አይመታም?

ከሜክሲኮ ካዛንቺስ በሚመላለሰው ታክሲ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው በእኔ ዘንድ ከነፍሰ ገዳይ አይተናነስም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው ብዬ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ ክፍል ስገባ ግን መጀመሪያ የማደርገው መስኮት መዝጋት ነው። ዕውቀቱ ለፈተና፣ ጥንቃቄው ለራሴ፤ በቃ።

አንድ ቀን ለዘጠነኛ ክፍሎች ስለ ማስረጃ ሳስተምር፣ «ማንም ቢነግራችሁ ዝም ብላችሁ አትመኑ፤ ‹በምን አወቅህ?› በሉት» አልኩና እግረ መንገዴን መስኮቱን ዘጋሁ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ለምን ዘጉት?»

«ብርድ ይመታችኋላ!»

«በምን አወቁ?»

ሳቁ ኦሎምፒያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ተወራረድን። ሁለት ሳምንት የግራው መስኮቶች ይከፈታሉ፣ የቀኙ ይዘጋሉ፤ ልጅቷ ሳል የያዘውን በየቀኑ ትመዘግባለች። በግራ ያሉት ካልባሰባቸው መስኮቱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሊሆን ነው። ዓመቱን ሙሉ! የለቅሶዬ ድንኳን ሲተከል ታየኝ።

ስለዚህ አጭበረበርኩ። ማለቴ፣ ትንሽ ነው። በመጀመሪያው ቀን እየተናፈጡ የመጡ ሁለት ልጆችን «እናንተ ወሬ ታበዛላችሁ» ብዬ ወደ ግራ አዛወርኳቸው።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ግራው በሳል በለጠ። ደረቴን ነፍቼ «አያችሁ?» አልኩ። ልጅቷ ደብተሯን ገለጠች።

«ቲቸር፣ እነዚህ ሁለቱ እዚያ ከመቀመጣቸው በፊት ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ጽፌዋለሁ። ያስቀመጧቸውም እርስዎ ነዎት።»

«ቲቸር ተበላ!» አለ ከኋላ አንዱ።

«እሺ፣ እነሱ ከቆጠራው ቢወጡስ?» አልኳት።

«እኩል ነው።»

«እንግዲያው አሸነፋችሁኛ።»

«ኧረ አላሸነፍንም!» አለች፣ የተሳሳትኩት ገና አሁን ይመስል። «እኛ ጥቂት ነን፣ ቀኑም አጭር ነው። ብርድ አይመታም ለማለትም አይበቃም።»

ለሽንፈት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። ይኼ የብርድ ነገር በእውነት ምን ይሆን? በዚህ ዕድሜዬ ማወቅ አማረኝ። «እንደገና እንሥራዋ!» አልኩ፣ እኔው ራሴ።

«አቀማመጡን ግን ዕጣ ይወስነው። የእርስዎንም ጭምር» አለች ልጅቷ።

ዕጣው ጠረጴዛዬን ከተከፈተው መስኮት ሥር ጣለው። በሁለተኛው ቀን ሁለቴ ሳልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና የሆነ ነገር ጻፈች። ተንጠራርቼ አነበብኩ፦

«መምህር፣ ሁለት ጊዜ። የምር መሆኑ ያጠራጥራል።»