ቁጥሩን የተቀማው መንገድ

ትናንት አባቴን ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ሳመጣው በአሮጌው መንገድ ገባሁ። አዲስ አስፋልት እያፈሰሱበት ነበር፤ ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው። ፍሪዌዩ፣ ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ሳይሠራ በፊት መኪናው ሁሉ የሚያልፈው በዚሁ ባለ ቁጥር የስቴት መንገድ ነበር አሉ። ቤታችን ከእሱ በሚገነጠለው ቅርንጫፍ ላይ ነበር። አባቴ እኔን ለእናቱ ትቶ ለሥራ ካሊፎርኒያ ሲሄድ፣ አያቴ እስከ መገንጠያው ሸኘችው። «በዚሁ እመጣለሁ» አላት።

ይመጣል በተባለበት ቀን፣ የሸኘ ሰው ከሸኘበት ቆሞ ይቀበላል ብላ እዚያው ወሰደችኝ። አጠገባችን ሠራተኞች የመንገዱን ቁጥር ከምሰሶው ይፈታሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ።

«ፍሪዌዩ ስለተከፈተ ይሄ ከእንግዲህ የስቴት መንገድ አይደለም አሉ።»

«ሌላ ሲያገኙ የዚህን ስም ቀሙት በይኛ።»

ወደ አመሻሹ ጎረቤታችን ጋሽ ጀማል መኪናቸውን አጠገባችን ፓርክ አደረጉ። «እማማ፣ ልጅዎ እኮ ከመጣ ሳምንት ሆነው። በፍሪዌዩ አልፎ ሬድመንድ ከተማ ገብቷል፤ ሚስትም አግብቷል። አልነገረዎትም?»

አያቴ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «በዚህ ነው የምመጣው ብሎኛል» አለች።

ትናንት መገንጠያው ጋ ስንደርስ አባቴ ሰዓቱን አየ።

«ምነው በዚህ አመጣሽኝ፣ በፍሪዌዩ አይሻልም ነበር?» አለኝ።