ለዳክዬው ያወጣሁት መስታወት

ዛሬ ጠዋት የባለቤቴን የቁም መስታወት ከመኝታ ቤት አውጥቼ ጓሮ ውስጥ ለዳክዬው አቆምኩለት።

ጃጅቼ አይደለም። ሴቷን ዳክዬ ከትናንት ወዲያ ሸለምጥማጥ ወሰዳት። ወንዱ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም።

ሌላ ሴት ልገዛለት አዲሱ ገበያ ሄጄ ነበር። ዶሮ ሻጩ "ፋዘር፣ የማይበላ ነገር አምጥቼ ለማን ልሸጥ?" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ እኛ ሰፈር ዳክዬ የሚያርድ የለም። ባለቤቴም ያሳደገቻቸው ለዚሁ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር ከግቢዋ የሚጎድል እንዳይኖር።

ዳክዬው መስታወቱን ሲያይ አንገቱን አስግጎ ቆመ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ያራስኩለትን ፉርሽካ መብላት ጀመረ።

ጎረቤቴ እትዬ አሰለፈች በአጥር አሻግረው አይተው "ጋሼ፣ ሊድሩት ነው እንዴ?" አሉኝ።

እኔም ምሳዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቆሜ ከድስቱ ነበር የምበላው። ዛሬ ሳህን አወጣሁ።

መስታወቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ይበላል። ሳላስበው ጉርሻ ጠቅልዬ እጄን ዘረጋሁለት። እሱም ዘረጋልኝ።

እናንተ ብቻችሁን የምትኖሩ፣ ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበሉት? ጻፉልኝ። ለማንበብ ጊዜ አለኝ።