ቡልቡላ ሳለሁ የተለጠፈው ማስታወቂያ

ከአዳማ የወጣሁ ለት ማታ ባለቤቴ ዘይነባ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ አሰረች፣ ሦስት ጊዜ ፈታች። ጭኮው አልገባ አላት።

"ይሄን ሁሉ ወረቀት ለምን አታወጣውም?"

"ወረቀቱ ይሂድና እኔ ልቅር" አልኳት። አልሳቀችም። ሃምሳ የሞላው፣ ቦርጫም፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሐኪም ስደት ሊወጣ ነው፤ እስቲ አስቡት።

ወረቀቱ ቅሬታዬ ነው። በጤና መሥሪያ ቤታችን አሥራ ስምንት ዓመት ወረርሽኝ ሳባርር ኖሬያለሁ። አምና ቡልቡላ አተት ገባና ኃላፊያችን እዚያ ላኩኝ። ሁለት ሳምንት ክሎሪን ስበጠብጥ ከርሜ ስመለስ፣ ለቡድን መሪነት የውስጥ ዕድገት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ፣ የተሰጠው አሥር ቀን አልፎ፣ ምዝገባው ተዘግቷል። የመስክ ደብዳቤዬም ማስታወቂያውም የተፈረሙት በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ነው። የተመዘገበው አንድ ሰው ብቻ። ከአንድ ተወዳዳሪ አንደኛ ወጣ!

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ።

"ዶክተር፣ ሰሌዳ አያነቡም እንዴ?"

"ቡልቡላ ሆኜ?"

"ሰው ይጠይቃላ!"

"የላኩኝ እኮ እርስዎ ነዎት።"

"እኔማ የላክሁዎት ለሥራ ነው" አሉኝ፣ ዕድገት የፈለግሁት ለሽርሽር ይመስል።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሄድኩ። ሰብሳቢው ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እኚሁ ሰውዬ። እስክሪብቶ አነሱ። "ቅሬታው በማን ላይ ነው?"

"በእርስዎ ላይ።"

"ጥሩ፣ እናጣራለን።"

አልተጣራም። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ለቀቅሁ። የሰው ኃይል ክፍሏ ወይዘሮ ብርሃኔ ግን አንገቷን ደፍታ፣ "ኃላፊው ቅሬታ ያለበት ማህደር አይዘጋም አሉኝ፤ ማህደሩ ካልተዘጋ ደግሞ መልቀቂያም የሥራ ልምድም አልጽፍልህም" አለችኝ። ያለ ደብዳቤ ወጣሁ። ጅጅጋ አድሬ፣ በቶጎ ውጫሌ ተሻግሬ ሐርጌሳ ገባሁ፤ ጓደኛዬ ክሊኒክ አለው።

እዚህ ሩዝ በሙዝ ይበላል። መጀመሪያ ቀን ሙዙን ለመጨረሻ ባቆየው፣ አስተናጋጁ የታመምኩ መስሎት አዘነልኝ። አቧራው ግን ቁርጥ የአዳማን ነው፤ ዓይኔ አልተሰደደም ማለት ይቻላል።

ፈቃድ ሰጪው ቢሮ፣ "የሥራ ልምድ ደብዳቤህስ?" አለኝ።

"እየመጣ ነው።"

"በምን?"

"በእግሩ።"

ሰውዬው ቀልድ አይወድም። "ደብዳቤ ከሌለ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ መኖሪያ የለም። ያለ መኖሪያ ፈቃድ ከዚህ አገር አንዴ ከወጣህ ተመልሰህ አትገባም" አለኝ። እስከዚያው ክሊኒኩ ውስጥ የታካሚ ስም እየጻፍኩ ካርድ አወጣለሁ። አከራዬ አሚና፣ ድሬዳዋ ያደጉ ሴትዮ፣ አንድ ቀን ጉልበታቸውን ዘርግተው፣ "ዶክተር ነኝ አላልክም? እይልኝ" አሉኝ።

"እማ፣ ፈቃድ የለኝም እኮ።"

"እኔ ቤት ለማከራየት እንኳ ወረቀት አለኝ!"

ባለፈው ሳምንት ብርሃኔ ደወለች።

"ዶክተርዬ፣ ደብዳቤህ ተጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። 'ቅሬታዬን ስቤያለሁ' ብለህ ፈርምና በቴሌግራም ላክልኝ፤ በቃ። ዕድገቱን ያገኘው ሰውዬ እንደሆነ ወንበሩን ይዞታል፣ ምን ትጠቀማለህ?"

"ምንም።"

"ታዲያ?"

"አልስብም። ነገ ባልደረባችንን ዶክተር ጫልቱን መስክ ልከው ማስታወቂያ ሊለጥፉ ሲሉ፣ አንድ ያልተዘጋ ማህደር ይቆርቁራቸው። አሥራ ስምንት ዓመት አገልግዬ እዚያ ቤት ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም በገዛ እጄ ልዝጋላቸው?"

"ካርድ ስታወጣ ልትኖር ነው?"

"ጽሑፌ ተሻሽሏል" አልኳት።

ስልኩን እንደዘጋሁ ግን ዘይነባ ጋ ደወልኩ።

"ልፈርም እንዴ?"

"ከፈረምክማ እዚያው ቅር!" ጮኸችብኝ። "ልጆቹ ፊት ምን ብለህ ትቆማለህ?"

ደስ አለኝ። ሚስት ማለት ይቺ ናት ብዬ ልኮራ ስል፣ ድምጿ ዝቅ አለ።

"ለኢድ ግን ትመጣለህ አይደል?"

ኔትወርኩ ኩልል ያለ ነበር። ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኛል።

"ሄሎ? ሄሎ፣ ዘይኑ?" አልኳት፤ "ይቆራረጣል።"