የተጠረገው ጓሮ

ኢዲዶ ቀበሌ ካለው የአባቴ ጓሮ፣ ከበሰበሰ የእንሰት ግንድ ሥር ያወጣኋት ጢንዚዛ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም። ክንፏ አጭር ነው፤ ሲነኳት ጭራዋን እንደ ጊንጥ ትቀስራለች። ጥቂቶቹን ዲላ ዩኒቨርሲቲ ወስጄ በማይክሮስኮፕ ባያት ባያት የት እንደምመድባት ጠፋኝ። ወገኗ በሚባለው ምድብ ውስጥ ሊቃውንቱ ያልከተቱት ጉድ የለም፤ ቦታ ያጡለትን ሁሉ እዚያ ይወረውሩታል። አንዱ የለየውን ሌላው መልሶ ይደባልቀዋል። ሲመረኝ መጽሐፉን ዘግቼ ብቻዬን እሳደባለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ግን ተስፋ ሰጠኝ። «ዝርያው የሚለየው በወንዱ ብልት ነው። ያንቺዎቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው። አንድ ወንድ ካገኘን ነገሩ ያልቃል» አለኝ። ሌላ ቦታ ፈልጌ ስላጣሁ አብረን ኢዲዶ ልንወርድ ተቀጣጠርን። ለአባቴ እንግዳ ይዤ ወደ ጓሮው እንደምመጣ ደውዬ ነገርኩት። ጉበቱን ታሞ አልጋ ከያዘ ሰንብቷል። «ያቺ ተባይሽ ስም ሳይወጣላት አልሞትም» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ከይርጋጨፌ በሞተር ደረስን። ጓሮው ባዶ መሬት ሆኗል። እኛ ዘንድ የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ደጅ ይጠረጋል፤ የኔ እንግዳ የሚገባው ወደ ጓሮ ስለሆነ አባቴ ጓሮውን አስጠረገ። ራሱም ከአልጋው ወርዶ፣ እየተንፏቀቀ ከጎረቤቶቹ ጋር የበሰበሰውን ሁሉ ለቅሞ አቃጥሎታል። ተንበርክከን አመድና አፈር ስንጭር ዋልን፤ አንዲት ጢንዚዛ አላየንም።

አባቴ በጋቢ ተጠቅልሎ መደብ ላይ ይጠብቀናል። መጥረጊያው አጠገቡ ነው።

«አገኛችሁት?» አለ።

አማካሪዬ ባዶውን ብልቃጥ ኪሱ ከተተ።

«አገኘነው፣ አባዬ» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ድሮስ! በዚያ ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ ምን ይታይ ነበር?»

በዚያው ክረምት ሞተ። ከቀብር መልስ፣ ትንሽ ብቻዬን ላለቅስ ብዬ በጎረቤቶቻችን ጓሮ በኩል ወረድኩ። የቀረኝ ተስፋ የእነሱ እንሰት ሥር ነበር። ሁሉም ተጠርጓል፤ ግንዱ ተለቅሞ፣ ቅጠሉ ተቃጥሎ፣ መሬቱ ራቁቱን ቀርቷል።

«አባትሽ አደራ ብሎን ነው» አሉኝ። «‹የልጄ ጢንዚዛ የምትገኘው ንጹሕ መሬት ላይ ነው፤ ስትመጣ እንዳትቸገር ጥረጉላት› ብሎ።»

እግዚአብሔር ይባርካችሁ አልኳቸው።